ጆሮውን የሚነካው ተቀባይ

ሉሺየስ ግሬዲ ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ያደለ ሰው ነው። ኤሪ ሐይቅ ዳር ባለችው በዚያች የኦሃዮ ከተማ እሱ ያልረገጠው ደጃፍ፣ እሱን ያላባረረ ውሻ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጡረታ ሲወጣ ዘመድ ወዳጁ ዓሣ ማጥመጃ ገዝቶ ሰጠው። እሱ እቴ! ማጥመጃው እስከ ዛሬ ከነላስቲኩ ጋራዥ ውስጥ ተጋድሟል። እሱ የሚያጠምደው ኳስ ተቀባይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኳሱ በእጅ የሚወረወርበት የአሜሪካ ፉትቦል ፕሮፌሽናል ቡድኖች በየዓመቱ ሚያዝያ ሲያልቅ ከኮሌጅ የሚወጡትን ልጆች በተራ በተራ ይመርጣሉ። የትልልቆቹን ኮሌጆች ልጆች አገር ያውቃቸዋል፤ ሉሺየስ የሚፈልገው ማንም ዞር ብሎ ያላያቸውን ነው። ከእነሱም ውስጥ ዓይኑ የሚያርፈው ሜዳው ዳር ቆሞ፣ ሮጦ፣ ወርዋሪው የሚልክለትን ኳስ በሚይዘው ልጅ ላይ ብቻ ነው። በረዶው መቅለጥ ከጀመረ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ የድሮ ጨዋታ ያያል፤ ድምፁን ዘግቶ። «እነዚህ ለፍላፊዎች ሲያወሩ ልጁ አይታየኝም» ይላል። ሚስቱ ኦዴሳ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ፉትቦል የተከፈተበት ክፍል ገብታ አታውቅም።

ክርክሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ዋርደል ፀጉር ቤት ነው። ዋርደል የተቀባዮቹን ስም ጽፎ መስተዋቱ ላይ ይለጥፋል፣ ደንበኞቹ ይነታረካሉ። የደገፈው ልጅ ተመርጦ የትም ያልደረሰለት ሰው በዓመቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ራሱን ሙልጭ ተደርጎ ይላጫል። ሉሺየስ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምላጭ አልነካውም። ስለዚህ ሲናገር ይደመጣል።

ዘንድሮ፣ ምርጫው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ኦዴሳ ለመዘምራን ልምምድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ እሱ ብቻውን ነበር። የከፈተው ሞንታና ውስጥ ያለች፣ ከራሷ ሰዎች በቀር ስሟን ማንም የማያውቃት ኮሌጅ ጨዋታ ነው። ተቀባዩ ኮርደል ፔትዌይ ይባላል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሩጫው ይሄን ያህል የማይባል ልጅ። ሉሺየስ አልጣመውም፤ ሊዘጋው ሲል ልጁ መስመሩ ላይ ቆመና በሁለት ጣቱ የራስ ቁሩን ጆሮ ነካ ነካ አደረገ። ኳሷ ተወረወረች። ወደ እሱ መጣች። ያዛት።

ሉሺየስ ከወንበሩ ብድግ አለ።

መልሶ አየው። ነካ ነካ፤ ኳሷ መጣች። ሌላ ጨዋታ ከፈተ፣ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሜዳ። ልጁ ጆሮውን ሳይነካ ቆመ፤ ኳሷ ለሌላ ሰው ሄደች። ቀጥሎ ነካ ነካ አደረገ፤ መጣችለት። ሉሺየስ ቆጠረ። አሥራ አራት ጊዜ ነካ፣ አሥራ አራት ጊዜ መጣችለት።

ይሄስ ይሁን፤ የማይነካካ ተጫዋች የት አለ? አንዱ ጫማውን ይስማል፣ አንዱ ሣር ይነጫል። የሉሺየስን ሰውነት የወረረው ልጁ ከነካ በኋላ የሚያደርገው ነው። አንገቱን ቀስ አድርጎ ያዞርና ወደ ሜዳው ጥግ፣ ወደ ታችኛው መቀመጫ ያያል። አራተኛው ረድፍ። አንዱ ሜዳ ላይ እዚያ በረዶ የተኛበት ባዶ አግዳሚ ነው ያለው። ሌላው ሜዳ ላይ ደግሞ ሰው ጢም ብሎ ሞልቶ ያቺ አንዲት ቦታ ብቻ ባዶ ናት፤ ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሰዎች ፈቀቅ ብለውላታል። ልጁ ባዶዋን ቦታ አይቶ ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል። ከዚያ ይሮጣል።

«ኬንድል» አለ ሉሺየስ።

ሃያ ሁለት ዓመት ጮክ ብሎ ያልጠራውን ስም ነው የጠራው። ጠርቶም ደነገጠ፤ ሰው የሰማው ይመስል ዞሮ በሩን አየ። ቴሌቪዥኑ ላይ ልጁ አንገቱን እንዳዞረ ቆሟል።

ይሄን ነገር ከሉሺየስና ከልጁ ከኬንድል በቀር የሚያውቅ ፍጡር አልነበረም። ኬንድል አሥራ ስድስት ዓመቱ ሳለ የመጀመሪያዋን ነጥብ ያገባባትን ኳስ ሲይዝ አባት ሆዬ የወደቀች ኦቾሎኒ ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ ነበር። ቀና ሲል አገሩ ቆሞ ይጮሃል፣ እሱ ምንም አላየም። እንዴት እንዳንገበገበው! «ስማ አንተ ልጅ» አለው ሲመለሱ፣ መኪና ውስጥ፤ «ከእንግዲህ ኳሷ ላንተ መሆኗን ስታውቅ ጆሮህን ነካ ነካ አድርግልኝ። እኔ ጥግ ላይ፣ አራተኛው ረድፍ ነኝ። ሁለተኛ አታመልጠኝም።»

«እሺ አባዬ፤ አንተ ብቻ ኦቾሎኒውን ተው» ብሎ ሳቀበት።

ለእናቱ እንኳን አልነገሯትም። የሁለቱ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሉሺየስን አንዲት ኳስ አላመለጠችውም። የመጨረሻዋም አላመለጠችውም። ኬንድል ሃያ ዓመቱ ነበር፣ የኮሌጅ ጨዋታ፣ ጥቅምት ላይ። ኳሷን ሊይዝ ሲዘል ተከላካዩ ከየት መጣ ሳይባል መጥቶ አንገቱ ላይ አረፈበት። ሐኪሞቹ ክፉ አጋጣሚ ነው አሉ። ፓስተሩ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው አለ። ሉሺየስ ደግሞ ኳሷን ከፍ አድርጎ የላከውን ወርዋሪ ሲረግም ኖረ።

እንግዲህ ሉሺየስ እብድ አይደለም፤ የሞተ እንደማይመለስ ያውቃል። ግን ልብ መች ይሰማል! የሚደግፈው የአገሩ ቡድን ይሄን ልጅ ከወሰደው ጥግ ላይ፣ አራተኛው ረድፍ፣ የዓመት ቲኬት ይገዛል። ልጁ ጆሮውን ይነካል። ወደ እሱ ያያል፤ ያን ጊዜ ቦታዋ ባዶ አትሆንም። በዕድሜው የቀረችው ምኞት ይህችው ብቻ ሆነች። ምርጫው በዋርደል መስተዋት የሚወሰን ይመስል ቅዳሜን በጉጉት ጠበቃት፤ ታብሌቱን በብብቱ ሸጉጦ ማንም ሳይደርስ ደረሰ።

«ኮርደል ማን?» አለ ዋርደል፣ መቀሱን አየር ላይ አንጠልጥሎ።

«ፔትዌይ። ከሞንታና።»

«ሞንታና ከላም በቀር ሰው አለ እንዴ?» ይሄ ክሊፍተን ነው። ድሮ ኮሌጅ ውስጥ ተከላካይ ነበር፣ አሁን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል፤ አንገቱ የበሬ አንገት ነው፣ ድምፁም እንደዚያው።

«ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው» አለ ዋርደል፣ ፀጉር ቤቱ በሳቅ ተናወጠ።

«ሳቁ፣ ሳቁ። ያያችሁት ቀን ትሰበስቡታላችሁ።»

«አይ ሉሺየስ!» አለ ክሊፍተን። «ስቶቨርን የመሰለ ልጅ ተቀምጦ? አርባ ያርዱን በአራት ነጥብ ሠላሳ አምስት ሰከንድ የሮጠ ልጅ እኮ ነው!»

«ስቶቨር እግር እንጂ እጅ የለውም። ኳሷን በእግሩ ሊይዛት ነው?»

«በጥርሱም ቢሆን ይይዛታል፣ ምን አገባህ! ዋርደል፣ በሞቴ ምላጭህን ሳልልኝ። ዘንድሮስ ይሄን ሽማግሌ ሳናስላጨው አንቀርም።»

ሉሺየስ ታብሌቱን ከፍቶ መስተዋቱ ሥር አቆመው። ተሰበሰቡ። አንዷን ኳስ አዩ፣ ሁለተኛዋን አዩ፣ ሦስተኛዋን ልጁ በአንድ እጁ ከአየር ላይ ሲለቅማት ዋርደል «ወይ ጉድ» አለ። «እጅ አለው፤ መቼም እግዜር ያየው ነው፣ እጅ አለው።»

ክሊፍተን ግን ዝም አለ። ክሊፍተን ዝም ሲል አይተው ስለማያውቁ ሁሉም ቀስ በቀስ ዝም አሉ።

«መልሰው እስቲ» አለ። መለሰለት። «አሁንም።» መለሰለት። ክሊፍተን ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ማነው ይሄን ያስተማረው?»

«ምኑን?» አለ ሉሺየስ። የሚያውቀውን ነው የጠየቀው።

«ጆሮውን መንካት። አታዩም? ኳሷ የሱ ስትሆን ይነካል፣ ያልሆነች ቀን አይነካም። ፊት ለፊቱ ለቆመ ተከላካይ እኮ መንገር ነው! እኔ በደጉ ጊዜ እንዲህ ያለ ልጅ ሲገጥመኝ ዛሬ ቀናኝ ነበር የምለው። እጁ ወደ ጆሮው ስትሄድ ካየሁ ኳሷን አልጠብቅም፣ ወርዋሪውንም አላይም። ጭንቅላቴን ደፍቼ እሷ ወደምታርፍበት ቦታ ነው የምሮጠው። እሱ ዓይኑ ሰማይ ላይ ነው። መምጣቴን በምን ያውቃል?»

«እስካሁን ታዲያ ምን አቆየው?» አለ ዋርደል።

«እዚያ ማን ያስተውላል? ላይኞቹ ፕሮፌሽናሎች ጋ ሲገባ ግን ሁለት ሳምንት አይፈጅባቸውም። እኔ የምላችሁ፣ ይሄን ያስተማረው ሰው ልጁን ገድሎታል።»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ማን ፊት እንደተናገረ ትዝ ያለው። «ውይ! ሉሺየስ… ይቅርታ ወንድሜ፣ እኔ ስለዚህኛው ልጅ ነው…»

«አውቃለሁ» አለ ሉሺየስ። ታብሌቱን ዘጋና ወጣ። ኮቱን ረስቶ ነው የሄደው።

ቤት ሲደርስ ኦዴሳ ገበያ ነበረች። ምድር ቤት ወረደ፤ የኬንድል የመጨረሻ ጨዋታ ያለበትን ካሴት ከሳጥኑ ሥር አወጣ። ኮሌጁ ልኮላቸው አንድም ቀን አልተከፈተም። አሮጌው ማጫወቻ መጀመሪያ እየተንሰፈሰፈ አልሠራ አለ፣ ከዚያ ሠራ።

ኬንድል መስመሩ ላይ ቆመ። ነካ ነካ። ፊት ለፊቱ የቆመው ተከላካይ እጁን አየ። ከዚያ፣ ሉሺየስ እንኳን ያላሰበውን አደረገ፤ የኬንድልን ዓይን ተከትሎ ወደ ጥጉ ዞረ። ካሜራውም አብሮ ወደዚያው ዞረ። አራተኛው ረድፍ ላይ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ከመቀመጫው ግማሽ ተነስቶ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ፊቱ በደስታ በርቶ ይታያል። ምንም ነገር ሳይሆን፣ ኳሷ ገና ሳትወረወር፣ እሱ ግን አውቋል። ተከላካዩ ያን ፊት አየና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ተዘጋጀ።

ሉሺየስ እዚያ ላይ አቆመው። «እኔ ነኝ» አለ። ያን ወርዋሪ ሃያ ሁለት ዓመት በከንቱ ረገመው፤ ይሄ ሐሳብ መጥቶ ደረቱ ላይ ተቀመጠበትና አለቀሰ፣ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ።

እሑድን እንዴት እንዳሳለፈው አያውቅም። ምርጫው አራት ቀን ቀርቶታል። ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? ምናልባት ልጁ ወደኛ ይመጣል፣ ምናልባት አንድ ወር፣ አንድ ጨዋታ፣ አንዲት ኳስ ብቻ… ያቺን እጅ አንድ ጊዜ ካየ በኋላ መንገር አይቻልም? እንዲህ እያለ ከራሱ ጋር ሲሟገት ዋለ፤ አፍሮም ዝም ይላል፣ ደግሞ ይጀምራል። ሰኞ ጠዋት ስልክ አነሳ። የትንሽ ኮሌጅ ደግነቱ፣ አሰልጣኙ ራሱ ነው ያነሳው፤ ልጁ እዚያው ጂም ውስጥ ነበር፣ ጠራለት።

«አቤት ጋሼ?» አለ ቀጭን ድምፅ።

ሉሺየስ የተዘጋጀበትን ሁሉ ረሳው። «ልጄ፣ አታውቀኝም። አንድ ነገር ልንገርህና እዘጋለሁ። ኳሷ ያንተ ስትሆን ጆሮህን ትነካለህ። ተው። ተከላካይ ያየዋል፣ ይገድልሃል። ልጄን ገድለውብኛል።»



«ጆሮዬን እነካለሁ እንዴ?» አለ ልጁ። «አላወቅሁም። እኔ እኮ… ሰው እብድ እንዳይለኝ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ጋሼ። ጥግ ላይ፣ ከታች አራተኛው ረድፍ፣ አንድ ሰውዬ አለ። የትም ሜዳ ብንሄድ አለ። ኳሷ እንዳታመልጠው ጭንቅ ይለዋል። ያሳዝነኛል። እና ዝም ብዬ እነግረዋለሁ መሰለኝ።»

ሉሺየስ ስለ ጥጉ አልነገረውም ነበር። ስለ አራተኛው ረድፍም አልነገረውም። ሰውዬው ምን እንደሚመስል ሊጠይቀው አፉን ከፈተና ተወው፤ ከትናንት ወዲያ ካሴቱ ላይ ያየውን የራሱን ፊት ምን ብሎ ይጠይቃል?

«ስማኝ ልጄ» አለ። «እዚያ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ዛሬ እነሳለሁ። ሁለተኛ ዞር ብለህ እንዳትፈልገኝ። ኳሷን ብቻ እይ፣ የሚመጣብህን ሰው እይ።»

«ታዲያ ብታመልጥህስ?» አለ ልጁ፣ ከልቡ ተጨንቆ።

«ታምልጠኝ» አለ ሉሺየስ።

ስልኩን ዘጋና ለኦዴሳ ሁሉንም ሊነግራት ወደ ማድቤት ሄደ።