ከአገጩ በታች

አባቴ ሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዶ በወባ ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። አብሮት የሠራ የማንኩሳ ሰው ልብሱን ሲያመጣልን፣ እዚያ የተነሣው ጥቁርና ነጭ ጉርድ ፎቶ ከኪሱ ተገኘ። ከአገጩ በታች ጥላሸት ብቻ ነው።

አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ፣ ፎቶውን አዩና "ማተቡስ? በጥሶት ነው የሞተ!" አሉ። እኛ አገር እንዲህ የተባለ ሰው እምነቱንም ቃሉንም ጥሏል ማለት ነው። ወሬው ደጀ ሰላም ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ተዝካሩ ሊወጣ ሳምንት ሲቀረው እናቴ እህል መቅመስ ተወች።

እኔ አሥረኛን ጨርሼ ቤት ከተቀመጥሁ ወዲህ እግሬ አያርፍም። ፎቶውን ይዤ ፍኖተ ሰላም ገባሁ። ፎቶ አንሺው የመጣሁበትን ነገር ሰምቶ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አዙሮ አየው።

"መልሼ አነሣውና ሳጎላው አንገቱን አፈካዋለሁ። ማተቡ ካልወጣ በብሩሽ ጣል አደርግልሻለሁ፤ ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለኋ! ብሩሽ ካነሣህ ጥዬልህ ነው የምሄድ።"

"ወይ ጉድ! አንቺ ልጅ ከቤት ነው ከችሎት የመጣሽው?"

በማግስቱ ስመለስ ፎቶውን መልሶ ያነሣበት ፊልም ታጥቦ ደርቋል። ጨለማው ክፍል ካልገባሁ ብዬ በሩን ያዝሁ። እየተነጫነጨ አስገባኝ። በቀይ አምፖሉ ሥር የአባቴ መልክ ወረቀቱ ላይ በብርሃን ተዘርግቷል፤ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ። ሰውየው ሽቦ ጫፍ ላይ የለጠፋትን ቁራጭ ካርቶን አንገቱ ላይ ያወዛውዛል። ድግምት መሰለኝ።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ብርሃን እየከለልሁለት። ብርሃን የበዛበት ይጠቁራል፤ የተከለለው ይፈካል።"

እንዲህ ያለ ነገር ማን ያምናል? ዓይኔን ከእጁ አልነቀልሁም። ብሩሽ አልያዘም። ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ሲነክረው መጀመሪያ ዓይኑ፣ ቀጥሎ አገጩ፣ በመጨረሻ አንገቱ ላይ ቀጭን ጥቁር ክር ብቅ አለ።

የተዝካሩ ለት ዳሱ ውስጥ ፎቶውን ለአጎቴ ሰጠኋቸው።

"ቀለም ነው" አሉ።

"ይፈትጉታ!"

አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ካህናቱ ፊት ፈተጉት። የወረቀቱ ወዝ ተገፈፈ፤ ክሩ ንቅንቅ አላለም። "ነፍስ ይማር" ብለው አቀረቀሩ። እናቴ የዚያን ቀን በላች።

ከዓመታት በኋላ ቡሬ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ አንድ ነገር ተማርሁ። ፊልም በምላጭ ጫፍ ቢጫር፣ ጭረቱ ሲታተም ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል። ምራቅ አያስለቅቀውም። የአባቴ ፊልም ደግሞ እኔ ሳልገባ አንድ ቀን ሙሉ በዚያ ሰውዬ እጅ ነበር።

ፊልሙን አሳየኝ ልለው ሁለት ጊዜ ፍኖተ ሰላም ድረስ ተሳፍሬያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ከበሩ ተመለስሁ። ፎቶው እናቴ ራስጌ ተሰቅሏል፤ ጠዋት ጠዋት ትሳለመዋለች።