ምን የመሰለ?

ልጅ ሳለሁ፣ ሞጣ፣ እራት ከመብላታችን በፊት በየምሽቱ ጅብ ይበላን ነበር።

ጅቡን የሚለቁብን ጎረቤታችን እትዬ ደብሬ ነበሩ። የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ እሳቸው ጫፉ የጋለ መቆስቆሻ ይዘው ምድጃው ዳር ይቀመጡና «አንድ ጅብ ነበረ» ብለው ዝም ይላሉ። ያኔ ሁላችንም «ምን የመሰለ?» ብለን መጮህ ነበረብን፤ ካልጮህን ተረቱ አይቀጥልም። ስንጮህ ደግሞ መቆስቆሻው ከመካከላችን ወደ አንዱ ይዞራል፤ መልሱን የሚያመጣው እሱ ነው።

አንድ ምሽት ወደ እኔ ዞረ። «ትልቅ» አልኩ።

«ትልቅማ ደብሩም ትልቅ ነው! ደብር ነው እንዴ የሚበላሽ፣ አንቺ ሰነፍ?»

ልጆቹ ሳቁብኝ። በማግስቱ ጅቡን ጎኑ የሰረጎደ፣ አፉ የሚገማ፣ ጥርሱ በአህያ ደም የቀላ አድርጌ አመጣሁት።

«እሰይ! አሁን በላሽ» አሉኝ።

*

ከዚያ እውነተኛው መጣ።

እትዬ ደብሬ አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ሙላት፣ ቢቸና አስተማሪ። ተያዘ ተባለ፤ ከዚያ ወሬው ጠፋ። አንድ ቀን ጠዋት ገበያው መሐል ሬሳ ተጥሎ አገኘን። ተማሪዎች በሰልፍ እያለፍን እንድናይ ታዘዝን። ዘመዱ ነኝ ብሎ የቀረበ እንደሚታሰር፣ ለቅሶ የተሰማበት ቤትም እንደሚከበብ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። እትዬ ደብሬ አልሄዱም። ልጃቸው ይሁን አይሁን ሳያውቁ ዋሉ።

አመሻሹ ላይ እንደ ልማዳችን ምድጃውን ከበብን። ተረት አልነበረም። መቆስቆሻው ብቻ ወደ እኔ ዞረ።

«ያየሽው... ምን የመሰለ?»

«ረጅም» አልኩ። «ሸሚዙ የተቀደደ፣ ደም የደረቀበት። ፊቱ... ፊት የለውም እትዬ። የተጨፈለቀ፣ የጠቆረ፣ ዝንብ የወረሰው።»

«ሌላስ?»

«ጫማ የለውም። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠባሳ አለ። የተጨማደደ፣ የሚያብለጨልጭ፣ የወይራ ቅጠል የመሰለ።»

ፍሙን ተመለከቱ።

«እዚህ ነው የወደቀው» አሉ። «ገና ሲድህ።»

*

አፋቸው ተከፈተ። ጩኸቱ ሊወጣ ሲል በሩ ተገፋ። ባየ የሚባለው አብዮት ጠባቂ ነበር፣ ጠመንጃ አንግቦ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ምድጃ ዳር፣ ከእኛ ጋር፣ በየምሽቱ በጅብ ሲበላ የኖረ ልጅ ነው።

«እትዬ ደብሬ፣ እዚህ ቤት ለቅሶ አለ?»

«የምን ለቅሶ? ተረት ነው ባየ።» ወደ እኛ ዞሩ። «አንድ ልጅ ነበረ» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ደረቅ እንጨት ተሰነጠቀ።

ማንም አልጮኸም። ተረቱ እዚያው ቆመ። ባየ ከደጃፉ አልተንቀሳቀሰም።

ያኔ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እሱ ራሱ ጠየቀ።

«ምን የመሰለ?»

«ጎራዳ» አሉ እትዬ ደብሬ። «እንቅልፋም። ሲስቅ ድዱ የሚታይ፣ ቶሎ የሚቆጣ፣ ቶሎ የሚታረቅ፣ ጠመኔ ጠመኔ የሚሸት፣ ትኩስ እንጀራ አይቶ የማያልፍ፣ እናቱን በስሟ የሚጠራ ባለጌ፣ እግሩ ረጅም፣ ከአልጋው የሚተርፍ...» እንባቸው እየወረደ፣ በጭሱ እያመካኙ፣ በተረት ድምፅ፣ ቅጽል በቅጽል ላይ እየደረደሩ፣ ፍሙ አመድ እስኪለብስ ድረስ። ባየ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማቸው። ከዚያ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

*

አሁን ከተማ ተቀምጬ እጽፋለሁ። አርታኢዬ ቅጽል አብዝተሻል ይለኛል፤ እሰርዛለሁ። ሰማዩን እሰርዛለሁ፣ አበባውን፣ ጅቡን ሳይቀር። የሞተ ሰው ጋ ስደርስ ግን እጄ እምቢ ይላል። ሬዲዮው «አንድ ሰው ተገደለ» ባለ ቁጥር መቆስቆሻው ወደ እኔ ይዞራል።

ባየ ለምን እንደጠየቀ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አዝኖ ይሁን፣ አፉ ለምዶበት። ብቻ እሱ ባይጠይቅ ኖሮ ሙላት ሳይለቀስለት ይቀር ነበር።