ሁለቱ አበባ ገብሬዎች

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም፤ ለሚስቴም። ዛሬ እናንተ ስሙኝ።

በደርግ ዘመን አዲስ አበባ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒዩተር ፕሮግራም እጽፍ ነበር። በድርቁ ጊዜ የእርዳታ እህል የሚወስዱ ሰዎችን ስም የሚይዝ መዝገብ እንድሠራ ታዘዝኩ። በድሮው ዘዴ ለእያንዳንዱ ሰው ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም፣ ቀበሌውን አንድ በአንድ እየዘረዘርን ቦታ እንሰጥ ነበር። አሰልቺ ሥራ ነው። እኔ ደግሞ አዲሱን አጻጻፍ ተምሬያለሁ፤ አጭር፣ ቆንጆ፣ በጥቂት መስመር የሚያልቅ። ስምና የአባት ስም ብቻ። ሁለቴ የመጣውን ስም ማሽኑ ራሱ አንድ ያደርገዋል።

የክፍላችን አንጋፋ ጋሽ ተሰማ ወረቀቱን አይተው፣ «የአያት ስም የታለ?» አሉኝ።

«እሱ የድሮ ነው፣ ጋሼ።»

እኔ እኮ የላስታ ልጅ ነኝ። በአገሬ ስም እንዴት እንደሚመሳሰል እያወቅሁ ነው ያልኩት።

ዝርዝሩን ይዤ እዚያው ላስታ፣ ሙጃ ሄድኩና ከእህል እደላው ጠረጴዛ ኋላ ተቀመጥኩ። ልጅ በአንቀልባ ያዘለች ሴት ቀረበች። ከሩቅ ቀበሌ ስለመጣች የሚመሰክርላት አልነበረም።

«አበባ ገብሬ ጧት ወስዳለች» አላት ጸሐፊው።

«ያቺ ሌላ ናት። እኔም አበባ ነኝ።»

ጸሐፊው ወደ እኔ ዞረ። «ጓድ፣ ማሽኑ ይሳሳታል እንዴ?»

ነገሩ ወዲያው ገብቶኛል። «አይሳሳትም» አልኩ። ሴትዮዋ እህል ሳታገኝ ተመለሰች። ማን አስገደደኝ? ማንም። ፍርሃት ነበር ወይስ ኩራት? እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ከሳምንታት በኋላ ከሙጃ ወደ ላሊበላ ስመለስ ገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያቺን ሴት አየኋት። አንቀልባው ጀርባዋ ላይ ነው፤ ባዶውን። እሹሩሩ እያለች ታወዛውዘዋለች። አላፊ አግዳሚውን ቀስ ብላ አንድ ነገር ትጠይቃለች፤ ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። እኔ ዘንድ ደረሰች። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም።

«ጌታዬ፣ እታይዎታለሁ?»

እኔም አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። ትንሽ ሄጄ ዞር ስል፣ ገላጣው መንገድ ላይ ማንም አልነበረም።

አዲስ አበባ ገብቼ፣ ለማንም ሳልናገር የአያት ስም ጨመርኩበት። ማሽኑ ሁለት አበባ ገብሬ አወጣ። አዲሱ ዝርዝር ሙጃ ደርሶ ሲመለስ በአንደኛዋ ትይዩ እህል የተረከበችበት የጣት አሻራ አለ። በሁለተኛዋ ትይዩ ምንም የለም።

ማሽኑ ነው አልልም። የጻፍኩት እኔ ነኝ። አይሳሳትም ያልኩት እኔ ነኝ። እንዳልሰማ ሆኜ ያለፍኩት እኔ ነኝ። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ የተበደለችው እሷ ናት።

ታይተሽኝ ነበር፣ አበባ። ቁልጭ ብለሽ ታይተሽኝ ነበር።