ያስተካከልኳቸው ደብዳቤዎች

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ታይፕ መምታትን ከአንድ ጡረተኛ ጸሐፊ ጎን ቆሜ በማየት፣ ኮምፒውተርን ደግሞ በማበላሸትና መልሶ በማስተካከል ለመድኩ። ቦንጋ ውስጥ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ እየጻፍኩ ልጅ አሳድጌያለሁ። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም። በራሱ የተማረ ሰው የሚይዘውን አመል አንባቢ አስቀድሞ እንዲያውቅልኝ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሌላው ቃል እንዳለ ሲቀመጥ አይወድም። ካላረመ እጁን ይበላዋል።

ደብዳቤዎቹን የጻፍኩለት ማኅበር የአንዲት ዘፋኝ አድናቂዎች ማኅበር ነበር። ዘፋኟ የእኛው አገር ልጅ ናት፤ ከቦንጋ ወጥታ አዲስ አበባ ገባች፣ በካሴት ታወቀች። አዲስ አበባና ባሕር ማዶ ያሉ የካፋ ተወላጆች ስለ እሷ በኢሜይል ይጻጻፉ ጀመር፤ አንዱ የላከው ለሁሉም ይደርሳል። ድረ ገጽ አልነበራቸውም። ደብዳቤዎቹን ሰብስበው እያተሙ ለራሷ ለዘፋኟ ይሰጧት ነበር። በጊዜው ከከተማችን ሰው ኢንተርኔት የገባለት ኮምፒውተር ያለኝ እኔ ስለነበርኩ፣ የአገር ቤቱን ሰው ቃል እየጻፍክ ላክልን አሉኝ።

በገበያ ቀን ሰው ወደ ቤቴ ይጎርፋል። አብዛኛው የሚናገረው በካፊኖኖ ነው። አባቴ ከሰሜን የመጣ ሰው ቢሆንም፣ እኔ ቋንቋውን ከጎረቤት ልጆች ጋር አፈር ስፈጭ ያገኘሁት ነው። እሰማለሁ፣ በብጫቂ ወረቀት እይዛለሁ፣ ወደ አማርኛ መልሼ እጽፋለሁ። የምልከው ግን በላቲን ፊደል ነበር፤ የእኛ ፊደል እነሱ ጋ ሲደርስ ሳጥን ሳጥን ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ተናጋሪው ምን ብዬ እንደላክሁለት ማየት ቢፈልግ እንኳ ሊያነበው አይችልም። አንድ ነጋዴ ወረቀቱን ገለባብጦ አይቶ፣ የሐኪም ማዘዣ ነው ወይ ብሎ አስቆናል።

እኔም አረምኩ። ስድብ ካለ አወጣሁ፣ ሐሜት ካለ አወጣሁ። «ናፈቀችን» ያለውን «የአገራችን መመኪያ» አደረግሁት። ሰው በአደባባይ በጨዋ ቋንቋ መቅረብ አለበት ብዬ አምን ነበር። አሁንም አምናለሁ። ክፋቱ፣ ጨዋነትንና ውሸትን የሚለየውን ድንበር የማሰምረው እኔው ብቻ መሆኔ ነው።

አንድ ቀን ከቦንጋ ወጣ ብሎ ካለው ገጠር፣ ከማንኪራ፣ አንድ ንብ አናቢ መጡ። ያኔም ፀጉራቸው ሸብቶ ነበር። ማር ሊሸጡ ገበያ ወጥተው ነው። ስለ ዘፋኟ ብዙም ግድ አልነበራቸውም፤ የተናገሩት ስለ እናታቸው ነው። ዘፋኟ በልጅነቷ ለቡና ለቀማ ከዘመዶቿ ጋር ማንኪራ እየመጣች ከእናታቸው ጎን ትለቅም ነበር። ያ ካሴቱን ያሸጠው ዘፈን፣ ዜማውም ቃሉም፣ እናታቸው ስትለቅም የምታንጎራጉረው፣ ራሷ ያወጣችው ነው።

«ልክሰሳት አይደለም» አሉኝ። «እናቴ ሞታለች። ያቺ ልጅ ግን አለች። ከማን እንደተማረችው አንድ ቀን አፏን ከፍታ ትናገር። ይህን ብቻ ንገርልኝ።»

ሁለት ቀን አሰብኩበት። ዘፋኟን ሌባ የሚያሰኝ፣ ማኅበሩንም የሚበትን ነገር መሰለኝ። ከዚያ በእሳቸው ስም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «እናቴ ቡና ስትለቅም የእርስዎን ዘፈን ታንጎራጉር ነበር። የእርጅናዋ መጽናኛ እርስዎ ነበሩ።» ነገሩን ገለበጥኩት። የሰጠችውን ሴት ተቀባይ አደረግኋት። ዐረፍተ ነገሩም አምሮልኛል ብዬ ደግሜ አነበብኩት።

ሰውዬው በየገበያው ብቅ እያሉ መልስ መጣ ወይ ይላሉ። መልስስ መጥቶ ነበር፤ ዘፋኟ ልቧ እንደተነካ ገልጻ ለእናትየው ነፍስ ይማር ብላ አስጽፋለች። ያን ባነብላቸው ጉዴ ይወጣል። ደርሷታል፣ እያሰበችበት ነው አልኳቸው። ቆይተው መጠየቁን ተዉት። በመጨረሻ ዘፋኟም ሞተች።

ከዓመታት በኋላ ማኅበሩ ወደ ድረ ገጽ ይዛወር ተባለ። በኢሜይል አዲስ የሚገባ ሰው የድሮውን ማየት አይችልም፣ የላኪዎቹም አድራሻ ግማሹ ሞቷል። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምራ ስለነበር ሥራውን እሷ ያዘችው። የድሮዎቹን ደብዳቤዎች በላቲን እንዳሉ ልጫናቸው ብትለኝ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። በገዛ ፊደላችን፣ የተናጋሪው ስም ከነቀበሌው ይውጣ አልኳት። እኔ የላክኋቸውን ቅጂ ካስቀመጥኩበት ክላሰር አነባለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። የማንኪራውንም ሰው ደብዳቤ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። አልደነገጥኩም። ውሸቱ የእኔ መሆኑን ረስቼው ነበር። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። ገጹ ሲከፈት ደግሞ ገበያ መሀል እየዞርኩ፣ ልጆቻችሁ በስልካቸው ያንብቡላችሁ አልኩ።

አነበቡላቸው። መጀመሪያ የመጣች አንዲት ሴት፣ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም፣ ግን አምሮብኛል ብላ ስቃ ሄደች። የማንኪራው ሰው ልጅ ቦንጋ መምህርት ናት። ለአባቷ ያነበበችው እሷ ናት። በማግሥቱ ሁለቱም መጡ። ልጄ ኮምፒውተሩ ላይ ነበረች። አዛውንቱ ወንበር ባቀርብላቸው አልተቀመጡም።

«ይሄን እኔ ነኝ ያልኩት?» አሉኝ በአማርኛ። ከእኔ ጋር በአማርኛ ሲያወሩ የመጀመሪያቸው ነው።

«አይደለም፣ ጋሼ።»

«ማን ነው ታዲያ?»

«እኔ ነኝ። ለማክበር ብዬ ነበር።»

«ማንን?»

ወንበሩን ወደ ቦታው መለስኩት።

«እናቴ ያንን ስታወጣ ያቺ ልጅ ቅርጫት ማንሳት አትችልም ነበር» አሉ። «አንተ እናቴን የእሷ ተማሪ አደረግሃት። እኔ ደግሞ ዝም ያለችኝ ንቃኝ ነው ብዬ፣ ስትሞት ለቅሶዋን እንኳ አልደረስኩም።»

አሁን እንዳሉት አድርጌ ልጻፍልዎ አልኳቸው። መምህርቷ ቀደመቻቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ ይብቃዎት» ብላ አባቷን ይዛ ወጣች።

ልጄን ትንሽ ሳለች ከጓደኛዋ ደብተር ገልብጣ ባገኛት፣ ጓደኛዋ ቤት ድረስ ወስጄ በወላጆቿ ፊት ይቅርታ አስጠይቄያት ነበር። የዚያ ቀን እሷ አልቀጣችኝም። «አባባ፣ እንዲህ ያሉት ስንት ናቸው?» ብቻ አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ብጫቂዎቹን እያስተካከልኩ ጥያቸዋለሁ፤ ያስቀመጥኩት ያማረውን ብቻ ነው። ሰዎቹ በእውነት ምን እንዳሉ የሚያሳይ አንድም ወረቀት የለኝም።

እውነቱን ጽፌ በስሜ እዚያው ገጽ ላይ ከደብዳቤው ሥር አስወጣሁት። ዘፈኑ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደለወጠው፣ ዘፋኟም ጥያቄው እንዳልደረሳት። አስተያየቱ ዘነበ። ብዕርዎ ይባረክ አሉኝ። ድሮን አስታወሱን አሉኝ። አንዱ ሙታንን ተዉ ብሎ ተቆጣ፣ ሌላው የዘፋኟን ፎቶ ለጠፈ። ያን ያህል ሰው አጻጻፌን ሲያደንቅ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ዘፈኑን ስላወጣችው ሴትዮ ያነሳ አልነበረም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ መምህርቷ ብቻዋን መጣች። በር ላይ ቆማ አባቷ አንድ ነገር እንድትጠይቅ እንደላኳት ነገረችኝ።

«‹የእናቴን ስም የጠየቀ ሰው አለ ወይ?› ብለሽ ጠይቂው ነው ያለኝ።»

«እስካሁን እንኳ ብዙ ሰው…» ብዬ ጀመርኩ። ልጄ ከሥራዋ ቀና ብላ አየችኝ።

«የለም» አልኩ። «አንድም ሰው አልጠየቀም።»

«ይህንኑ እነግረዋለሁ» ብላ ሄደች።