የቡሄውን ቆጠራ ያረሙት መምህርት

መምህርት ሙሉነሽ አርፈዋል። ሰኔ ሊያልቅ ሲል፣ ዝናቡ ሰቆጣን በያዘበት ሳምንት፣ ሕመሙ በጥቂት ቀን አድክሟቸው ተለዩን። ነገ አርባቸው ነው። አምደወርቅም ሆነ ጋዝጊብላ ላላችሁ ተማሪዎቻቸውና ወዳጆቻቸው ይህን የምጽፍላችሁ አብሬያቸው ያስተማርኩ ጎረቤታቸው ነኝ። ሲቀልዱባቸው ከኖሩትም ዋናው እኔ ነኝ፤ አልደብቅም።

ያስተምሩ የነበረው ባዮሎጂ ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ በየክረምቱ፣ ሲመሽ፣ ግቢያቸው ውስጥ ነጭ አንሶላ ይወጥሩና ከፊቱ መብራት ይሰቅላሉ። ብርሃኑን ብሎ የመጣውን የእሳት ራት፣ ጢንዚዛ፣ ክንፋም ምስጥ ሁሉ በየዓይነቱ ቆጥረው ደብተር ላይ ያሰፍራሉ። አንዱንም አይገድሉም። ያላወቁትን በእርሳስ ይስሉታል፤ በገበያ ቀን ሽማግሌ አስቁመውም በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ ምን እንደሚባል ይጠይቃሉ።

«እንግዶችዎ ገቡ ወይ?» እላቸዋለሁ በአጥር በኩል።

«ገብተዋል። ከአንተ ይልቅ እነሱ ሰዓት ያከብራሉ» ይሉኛል።

ከሁሉ አብልጠው የሚከታተሉት አንዲት ግራጫ የእሳት ራት ነበር። ከእንቁላሏ የሚፈለፈለው ተምች ማሽላ ይጨርሳል። እሷ ስትበዛ ለገበሬዎቹ ይናገራሉ፤ እነሱም ቅጠል እየገለጡ እንቁላሉን ቀድመው ይለቅማሉ። ገበሬው ካላመናቸው ግን ያ ሁሉ ቆጠራ ከንቱ ነው።

አንድ ዓመት ይህ እምነት ሊፈርስ ነበር። በቡሄ ዋዜማ አንሶላው በግራጫዋ ተሸፈነ። መምህርት በዚያው ሌሊት ሰው ልከው አስጠነቀቁ። ገበሬዎቹ በበዓል፣ ሙልሙሉን ትተው፣ ማሳ ለማሳ ዞሩ፤ በማግስቱም ደገሙ። አንድ እንቁላል አልተገኘም። አቶ ገብረየስ የሚባሉ ገበሬ ደጃቸው ድረስ መጥተው፣ «ኧረ መምህርት! በዓል አስሽረው በከንቱ አንከራተቱን?» አሏቸው። ከእንግዲህ ማን ይሰማቸዋል ብዬ አዘንኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካህኑን አስፈቅደው በሕዝቡ ፊት ቆሙ።

«ተሳስቻለሁ። ልጆቹ ችቦ ሲያበሩ የእሳት ራቱ ከየአቅጣጫው ወደ ሰፈር ተሰበሰበ፤ እኔ ማሳው ላይ የበዛ መሰለኝ። ችቦውን ማሰብ ነበረብኝ። በዓላችሁን አስሽሬያለሁና ይቅር በሉኝ።»

ማን አስገደዳቸው? ማንም። በዚያች ቀን ቁጥር አጠገብም በቀይ «የችቦ ነው፤ አይታመንም» ብለው ጽፈዋል። ቁጥሩን ግን አልፋቁትም።

በቀጣዩ ክረምት እንደገና ሲያስጠነቅቁ ቀድመው ማሳ የወረዱት አቶ ገብረየስ ሆኑ። ገርሞኝ ብጠይቃቸው፣ «ሲሳሳቱ ራሳቸው ነገሩን። ዛሬ መጣ ካሉ መጥቷል ነዋ!» አሉኝ። እውነትም መጥቶ ነበር፤ ማሽላችን ተረፈ። እንዲህ ያለ ድፍረት በሌላ ሰው አላየሁም፤ እኔም የለኝም።

መምህርት፣ ደብተሩን ልጅዎ ለእኔ ሰጠችኝ። እየፈራሁም ቢሆን አንሶላውን መወጠር ጀምሬያለሁ። ትናንት ማታ ግራጫዋ በዝታ መጣች፤ ግማሾቹ እሷ ይሁኑ ሌላ መለየት አቃተኝ። በአጥሩ በኩል ልጠይቅዎ ዞሬ፣ አለመኖርዎ ትዝ ሲለኝ አለቀስኩ። ጠዋት ለአቶ ገብረየስ ደውዬ ግራጫዋ የበዛች ይመስለኛል አልኳቸው።

«እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ።

«አይደለሁም» አልኳቸው።

«እንዲህ ካልክማ እንወርዳለን» አሉ።

ያመኑት እርስዎን ነው እንጂ እኔን አይደለም። በሰላም ይረፉ፣ መምህርት። ይህን ስጽፍልዎ ሰዎቹ ማሽላው ውስጥ ናቸው፤ ቅጠል እየገለጡ ነው።