ለአንድ መቃብር ወደ ቆቦ

ደሴ፣ ንጋት 11 ሰዓት

አባ ማርቆስ የካቶሊክ ቄስ ናቸው፤ ለእኔ ደግሞ አጎቴ። ሚኒባሱ ሳይሞላ ደርሰው የፊቱን ወንበር ይዘዋል። ጉልበታቸው ላይ ማኅተም የበዛበት ፖስታ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቆቦ ጤና ጣቢያ ያገለገሉት ጋሽ ወልዴ ክፉኛ ታመዋል፤ "ከቆቦ አውጥታችሁ እንዳትቀብሩኝ" ብለው አስምለዋል። እንደሳቸው ያሉ ካቶሊኮች ግን በከተማው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ መቃብር የላቸውም። ለእምነት ተቋማት መሬት የሚፈቅደው ቢሮ ደግሞ ለሦስት ደብዳቤ ዝም ብሏል።

"ይኼ አራተኛው ነው" አሉ አባ።

"የቢሮው ሰዎች ደብዳቤ ይሰበስቡ እንደሆነስ?" ብላቸው በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

ሮቢት፣ 4 ሰዓት

ሹራቤን አወለቅሁ። ግራና ቀኝ ማሽላ ነው፤ ወፍ ጠባቂዎች ማማ ላይ ሆነው ወንጭፍ ይወነጭፋሉ። ፓፓያ ገዝተን በሾፌሩ ቢላ ቆራርጠን በላን። ጭማቂው የአባን ቀሚስ አበላሸው።

"ዘንድሮ ወፉ ከሰው በልጧል" ይላል ሾፌሩ።

ቆቦ፣ 5 ሰዓት

በባጃጅ ቢሮው ደረስን። ኃላፊው ወጣት ነው፤ ቁጭ በሉ ብሎ ውኃ አስመጣልን።

"አባ፣ ለእምነት ድርጅት መሬት ብሰጥ ነገ ሌላውም ይመጣብኛል። ከበላይ መመሪያ የለኝም።"

አባ ፖስታቸውን ታቅፈው ወጡ። አንጀቴን በሉኝ።

ጋሽ ወልዴ ቤት ስንገባ ጎረቤታቸው ሼኽ አሕመድ አልጋው አጠገብ ተቀምጠዋል። የሆነውን ሲሰሙ ቱግ አሉ።

"ደብዳቤ? ልጃገረድ ስትጠየቅ ሽማግሌ ይላካል፤ ለአፈር ወረቀት ትልካላችሁ? እኛ ጎረቤቶቹ የት ሄደን ነው?"

አባ አንገታቸውን ደፉ። "አጠፋሁ፤ ይቅር በሉኝ" አሉ።

9 ሰዓት

ሼኹ እኛንና ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ቢሮ ገቡ፤ አንደኛው የኦርቶዶክስ ቄስ ናቸው። ኃላፊው ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀ።

"ለድርጅት አልመጣንም፤ ለወልዴ ነው" አሉ ሼኹ። "ልጆቻችንን ሁሉ የከተበ ሰው ነው። ከእርሻዬ ጫፍ እኔ እለቃለሁ፤ አንተ ፍቀድ።"

ኃላፊው ወረቀት ስቦ "ለአንድ ሰው ብቻ" ብሎ ፈረመ። አራተኛው ደብዳቤ ከፖስታው አልወጣም።

ተመልሰን ስንነግራቸው ጋሽ ወልዴ በክርናቸው ቀና አሉ።

"በየት በኩል?"

"ከማሽላዬ ዳር" አሉ ሼኹ። "በነጻ እንዳይመስልህ፤ ወፍ ትጠብቅልኛለህ።"

ጋሽ ወልዴ ሳል እስኪያፍናቸው ሳቁ። ከዚያ የሼኹን እጅ ይዘው አለቀሱ።

"እሺ" አሉ፤ "የዘንድሮውን ግን ቁሜ ልጠብቅልህ።"