ትልቅና ሩቅ፣ ወይስ ትንሽና ቅርብ

በዚያ ሰሞን ሰዎች ይሸሹኝ ጀመር። መጀመሪያ የገባኝ እሁድ ዕለት፣ ናይሮቢ ሳውዝ ሲ ሰፈር ባለው የጸሎት ቤታችን በር ላይ ነው። እኛ ስደተኞች ከአምልኮ በኋላ እዚያ በር ላይ ካልተገተርን፣ ስለ ወረቀትና ስለ ቤት ኪራይ ካላማረርን እሁድ የዋለ አይመስለንም። እኔ ስጠጋ ግን ሰዉ ተበተነ። አንዱ ማታቱ፣ የናይሮቢው ሚኒባስ ታክሲ፣ እንዳያመልጠው ሮጠ። ሌላው ልጁን ሊፈልግ ሄደ፣ ልጅቷ አጠገቡ ቆማ ሳለች። በእግር ኳስ ነጋ ጠባ የሚያበሽቀኝ ጓደኛዬ እንኳ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "በርታ" አለኝና ተሰወረ። ምኑን ነው የምበረታው?

የእኛ ሰው ሞትን እንደ ተራ ወሬ አያወራም። መርዶ ሰዓትና ሥርዓት አለው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሳይነጋ በር አንኳኩቶ፣ ሐዘንተኛውን ከቦ ነው የሚያረዳው። እስከዚያ ድረስ አገር ምድሩ ያውቃል፤ የማያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። በስደት ደግሞ ለሳምንታት ይደበቃል። እኔም ስንቱን ደብቄያለሁ። መርዶ የተደበቀበት ሰው አጠገብ ሰዎች እንዴት እንደሚሆኑ ስለማውቅ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ጠረጠርኩ።

አባቴ አዲስ አበባ እስር ቤት ነበር። ደርግ ከወሰደው ጀምሮ ስለ እሱ የምንሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እህቶቼ የሚወስዱለት ስንቅ ገባ ወይስ ተመለሰ። ስንቁ ከተመለሰ ትርጉሙን ሁሉም ያውቀዋል።

ጥርጣሬዬን ለሚስቴ እንዳልነግራት የመውለጃዋ ወር ገብቷል፤ የደም ግፊቷም ከፍ ብሏል። ሐኪሙ "ድንጋጤ እንዳይደርስባት፣ ለእሷም ለልጁም ያሰጋል" ብሎ አስጠንቅቆኛል። ስለዚህ ውጬ ዝም አልኩ። የሚገርመው እሷም ተለውጣ ነበር። መጽሐፎቼን አልጋ ላይ በተውኩ ቁጥር የምትጮህብኝ ሴት፣ አሁን ሰብስባ በሥርዓት ትደረድርልኛለች። ሥጋውን ከራሷ ድርሻ ቀንሳ ወደ እኔ ትገፋለች። አንድ ቀን ሸሚዜን ስትተኩስ ቀና ብላ ረጅም ጊዜ አየችኝ፤ "ምነው?" ስላት "ምንም" አለች። እሷም ሰምታለች ማለት ነው አልኩ በልቤ፤ ለእሷ ነግረው ለእኔ እንዴት ይደብቃሉ? ተናደድኩ። ፍርሃቴ ብዙ ጊዜ በቁጣ ነው የሚወጣው።

ያኔ ኪሌሌሽዋ ሰፈር በአንድ ሐበሻ ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ የሐበሻ ልጆችን ፊዚክስ አስጠና ነበር። በዚያ ሳምንት የደረስነው ስበት ላይ ነው። ሁለት ነገሮች ሁልጊዜ ይሳሳባሉ፤ የአንዱ ግዝፈት እጥፍ ሲሆን ስበቱም እጥፍ ይሆናል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ግን ስበቱ ይደክማል፣ እያልኩ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ።

"ቲቸር፣ ሶ ዲስታንሱ ደብል ከሆነ ፎርሱ ሃፍ ይሆናል፣ አይደል?" አለች እዚያው ናይሮቢ ያደገች ተማሪዬ።

"ግማሽማ አይሆንም፤ ሩብ ነው የሚሆነው። ርቀቱ ሦስት እጥፍ ከሆነ ደግሞ አንድ ዘጠነኛ። ርቀት ጨካኝ ነው፣ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚቀንሰው።"

ቀጥዬ ስለ ኔፕቱን ነገርኳቸው። ሰዎች ኔፕቱንን በቴሌስኮፕ ሳያዩት በፊት፣ ዩራነስ ከመንገዱ ዘንበል ማለቱን አይተው ነበር። የሚስበው አንድ የማይታይ ነገር እንዳለ አሰሉ፤ ወዳሰሉበት ቢመለከቱ አገኙት። ይህን ስናገር ሐሳቤ ወደ ራሴ ጉዳይ ሄደ። የጸሎት ቤቱ ሰዎች ከመንገዳቸው ዘንበል ያሉት፣ ሚስቴም ዘንበል ያለችው በአንድ በማላየው ነገር ነዋ።

ልጅቷ እንደገና እጇን አወጣች። "ባት ቲቸር፣ ካላየነው፣ የሚስበው ነገር ትልቅና ሩቅ ይሁን፣ ትንሽና ቅርብ ይሁን ሃው ዱ ዊ ኖው? ፎርሱ ሴም ሊሆን ይችላል እኮ።"

ጠመኔውን አስቀመጥኩ። እውነቷን ነው። ከአንድ ጉተታ ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም። እኔ ግን አባቴ ነው ብዬ ደምድሜ፣ በልቤ ቀብሬው፣ ማቅ ለብሼለት ነበር። "በአንድ ጊዜ አይታወቅም" አልኳት። "ከሌላ አቅጣጫም ማየት ያስፈልጋል።" ትምህርቱን ሳልጨርስ አሰናበትኳቸው።

ማታቱ ተሳፍሬ ወደ መሃል ከተማ ወረድኩ። እዚያ ምግብ ቤት ያላቸው አንዲት ሴትዮ ነበሩ። ከአገር ቤት የሚደወለው የስደተኛው ስልክ ሁሉ የሚመጣው በእሳቸው ባንኮኒ ላይ ባለው ስልክ ነው። እኔ ጴንጤ፣ እሳቸው አጥባቂ ኦርቶዶክስ ብንሆንም እንደ እናቴ ነበር የማያቸው። ሲያዩኝ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና ወደ ጓዳ ሊገቡ ዞሩ።

"እትዬ፣ እንዳይሸሹኝ!" ጮህኩ። የሚበላው ሰው ሁሉ ቀና አለ። "አባቴ ነው አይደል? እኔ ወንድ ነኝ፣ እችለዋለሁ፣ ይንገሩኝ!"

ክንዴን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝ። "ዝም በል፣ አንተ ልጅ። አባትህ ደህና ነው። ባለፈው ሳምንት ስንቁ ገብቷል።"

የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ደስ አለኝ፤ መቼም ደስታ ፈቃድ አይጠይቅም። ከዚያ ፊታቸውን አየሁ። አልተፈታም።

"ታዲያ ማነው?"

"የሚስትህ ወንድም ነው" አሉ። "ሰሜን ጦር ግንባር ላይ። አብሮት የዘመተ ልጅ ነው ለቤተሰብ የተናገረው።"

እናታቸው ስትሞት ሚስቴ ናት ያሳደገችው፤ ቆርሳ ያጎረሰችው፣ አዝላ ትምህርት ቤት ያደረሰችው። ብሔራዊ ውትድርና ሲወስደው እኛ ናይሮቢ ገብተን ነበር። ፎቶው አልጋችን ራስጌ ነው ያለው።

"ለአንተ ያልነገርንህ" አሉ ሴትዮዋ፣ "ፊትህ ስለማይደብቅ ነው። እስክትወልድና እስክትጠና ድረስ ትንፍሽ እንዳትል። ሐኪሙ ያለውን አንተው ታውቃለህ።"

ወደ ቤት ስመለስ መንገዱ አጠረብኝ። ከናይሮቢ ጦር ግንባሩ ስንት አገር ነው፤ ርቀት ያደክመዋል ያልኩት ጉተታ ግን ሚስቴ ዘንድ ሲደርስ ምንም እንደማይደክም አውቄያለሁ። በሩን ከፍቼ ስገባ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ፊቴን አነበበች። እኔም የሷን ፊት አነበብኩ፤ ግን ያነበብኩትን ለመረዳት ቆየሁ።

"ምንም ነገር ቢመጣ" አለችኝ፣ "እኔ አለሁልህ። ሰምተሃል?"

ያኔ ገባኝ። እሷም የሰዎቹን መሸሽ አይታለች። እሷም የማይታየውን ነገር አስልታለች። እንደኔው ተሳስታ፣ አባቴ ሞቶ እኔ እንደማላውቅ አድርጋ ደምድማለች። መጽሐፉን የደረደረችልኝ፣ ሥጋውን የገፋችልኝ ለዚያ ነበር። የራሷን ሐዘን ለእኔ እያዘነችልኝ ነው! "የለም፣ አባቴ ደህና ነው" ብላት "ታዲያ ማነው?" ትለኛለች፤ ሌላ ጥያቄ የላትም። ስለዚህ "ሰምቻለሁ" አልኳት። ራስጌ ያለውን ፎቶ ላለማየት ወደ ግድግዳው ዞሬ ጫማዬን ፈታሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚሉት ይህን ነው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አጽናናችኝ፣ እኔም በየቀኑ ተጽናናሁላት። እንደዚያ ያለ ስቃይ አላውቅም።

በደህና ወለደች። ወንድ ነው። "የወንድሜን ግንባር ይዞ ወጣ" ብላ ሳቀች፤ እኔ ውኃ ላመጣ ብዬ ወጣሁ።

ከአራስነት ወጥታ ግፊቷ ሲስተካከል ሽማግሌዎቹ ቀን ቆረጡ። ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። የጸሎት ቤታችን ሰዎች፣ ከኋላቸው ጥቁር የለበሱ ሴቶች፣ ምግብ ቤት ያላቸው ሴትዮም አብረው ገቡ። ሚስቴ ልጁን እያጠባች ነበር። አየቻቸው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ልጁን ለሴትዮዋ አቀበለችና ከኋላዬ መጥታ ሁለት እጆቼን ጥብቅ አድርጋ ያዘች፤ ሐዘንተኛ ፊቱን እንዳይቧጭር እንደሚያዝ።

"አይዞህ" አለችኝ በጆሮዬ። "ከጠረጠርኩ ቆይቻለሁ። አልቅስ፣ እኔ ይዤሃለሁ።"

ሽማግሌው ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው እኔን አዩ። እጆቼን ከእጆቿ አላቅቄ ዞርኩና የእሷን ያዝኩ።